ወይን እንደ ቅቤ ሲፈተን

ልጄ ሄመን ሥራ አገኘሁ ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት ደሞዙን አልነበረም። "ምን ይደርስብሻል?" ነው ያልኳት።

"ምንም አይደርስብኝም እማ። ወይን ማስቀመስ ነው።"

በዚያ ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ።

ሥራው ከቡራዩ ወጣ ብሎ በሆለታ መንገድ ላይ የተከፈተው ትልቅ የጅምላ መደብር ውስጥ ነው። ሰባት በር ጅምላ ይባላል። በሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል የሚለውን ገና በመጀመሪያው ቀን አስቤበታለሁ። መደብሩ የራሱን ስም ለጥፎ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ነው። ማካሮኒው ሰባት በር፣ የልብስ ሳሙናው ሰባት በር። አሁን ደግሞ ወይን አመጣ፤ እሱም ሰባት በር። ዋጋው ስሙ ከታወቀው ወይን በግማሽ ይቀንሳል። ሄመን እንደምትለው ማስታወቂያ ስለማይሠራለት ነው የረከሰው። እኔ ግን ስለ ርካሽ ነገር ሲነገረኝ ወዲያው የሚታየኝ ሆስፒታል ነው።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ቅዳሜ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርሁን "በዚህ ሳምንት አርባ ካርቶን ከሸጥሽ ትቀጠሪያለሽ፤ ካልሸጥሽ እንሰነባበታለን" ብሏታል። ዓርብ ማታ ቤት ስትገባ የተሸጠው አሥራ ሰባት ነበር። እራቷን ሳትጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"ነገ መጥቼ ላግዝሽ?" አልኳት።

"እማ! እንዳትሞክሪው። ባለፈው አንዷ ማር አስቀማሽ አክስቶቿን ደንበኛ አስመስላ አሰልፋ፣ 'እሰይ፣ ማር ማለት ይሄ ነው' ሲሉላት ተይዛ እዚያው ተባረረች። ጠረጴዛችን ጋ ዘመድ ድርሽ እንዳይል ተብለናል።"

"እኔ እኮ እሰይ አልልም።"

"አውቃለሁ። አንቺ 'እግዚኦ' ነው የምትዪው። እሱ ደግሞ ይብሳል።"

አባቷ ገርባም "ተያት ልጅቷን" አለኝ። ተውኳት። ቅዳሜ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ተውኳት። ከዚያ ጠርሙስ ሲፈነዳ ታየኝ። ሰካራም እጇን ሲይዛት ታየኝ። ነጠላዬን ደረብኩና ከቡራዩ ኬላ ታክሲ ያዝኩ።

ሐሳቤ ከዘይቱ ክምር ጀርባ ቆሜ ደህና መሆኗን አይቼ መመለስ ነበር። አየኋት። ቀይ ሽርጥ ታጥቃ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች ደርድራ ቆማለች። ሰው ሁሉ ጋሪውን እየገፋ ያልፋታል። አንዱ ጎረምሳ ጠርሙሱን አንስቶ ስሙን አነበበና "ይሄ ደግሞ ልብስ ያጥባል?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ሄመንም አብራ ፈገግ አለች፤ ግን ያንን ፈገግታዋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ልታለቅስ ስትል የሚመጣ ነው። እግሬ ሳያስፈቅደኝ ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ስታየኝ ደነገጠች። ግን ብልህ ናት። "እንኳን ደህና መጡ እናት፤ ይቅመሱ" አለችኝ። በሃያ ሁለት ዓመቷ አንድ ቀን አንቱ ብላኝ የማታውቅ ልጅ!

"መጀመሪያ ልየው" አልኩ።

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የተማርኩት ትምህርት ቢኖር ገበያ ላይ የተማርኩት ነው። ሙዝ የተለወሰበትን ቅቤ፣ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር፣ ሸክላ የተፈጨበትን በርበሬ እየለየሁ ነው ልጅ ያሳደግኩት። ወይን ፈትኜ አላውቅም። ግን አጭበርባሪ ያው አጭበርባሪ ነው ብዬ ጠርሙሱን ገለበጥኩት፣ ናጥኩት፣ መብራቱ ላይ አድርጌ አየሁት። ከዚያ "አንድ ጠብታ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ጥፍርዎ ላይ?"

"ንጹሕ ማር ጥፍር ላይ ይቆማል።"

አደረገችልኝ። ወይኑ ጥፍሬን አልፎ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። "ፈሰሰ" አልኩ፣ በሐዘን።

"ወይን ነው እናት" አለች ጥርሷን ነክሳ፣ "ይፈሳል።"

አንዲት ወጣት ጋሪዋን አቆመች። ስሟ ማርቲ እንደሆነና የእህቷን ሠርግ እየደገሰች መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። "ማዘር፣ ምን እየፈለጉ ነው?"

"ቀለም" አልኳት። "የበርበሬ ቀለም እጅ ላይ ከያዘ በውሃ አይለቅም።" ጠብ አስደርጌ መዳፌን አሸሁና ከኮዳዬ ውሃ አፈሰስኩበት። እጄ ነጻ። እኔም ገረመኝ። "ለቀቀ" አልኩ።

"ለቀቀ!" አለች ማርቲ ወደ ኋላ ዞራ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች።

ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌም ቆሙ። "አካም ቡልተኒ" ብለው ሰላም አሉንና ጠርሙሱን ሳይሆን እኔን ተመለከቱ። "እኔ ዲሪርሳ እባላለሁ፤ የሱሉልታ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት ገበያ ስትመጣብኝ ቅቤዬን ሸፍኜ ምሳ እበላለሁ።"

"አንቱ ያቀላቅላሉ ማለት ነው ኦቦ ዲሪርሳ?"

"ያ ዋቃ! ቅቤዬስ ንጹሕ ነው። ፈተናው ነው የሚያደክመኝ።"

ሰው ሳቀ። ሲስቅ ሌላ ሰው ይቆማል፤ ጋሪ በጋሪ ላይ ሆነ። እኔ ደግሞ ሥራዬን አልጨረስኩም። "ክብሪት ያለው አለ? ማር በክብሪት ይፈተናል" ስል ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

"እናት፣ እዚህ እሳት ክልክል ነው!"

"አውቃለሁ፤ በሩም አንድ ነው" አልኩትና ተውኩት።

ቀረ መቅመሱ። "ለዚህ ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ የትኛው ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ማርቲ "ኧረ ማዘር፣ አስፈሩን እኮ" አለች። ጣፋጩን ቀይ ወይን አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ። ጠበቅኩ። የተበላሸ መጠጥ ዓይን ያጠፋል ሲባል ስለሰማሁ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ የዘይቱን ዋጋ ከሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ቀኙን ጨፍኜ ደገምኩት።

"ይታይዎታል?" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

"ለጊዜው።"

"ጣዕሙስ?"

አሰብኩ። ስኳሩ አልበዛም፤ ጉሮሮ አይቧጭርም፤ ሽታው የወይን ነው። "ክፉ አይደለም" አልኩ።

ማርቲ "ይህን ሁሉ ጠርጥረው ክፉ አይደለም ካሉ፣ ለእኛ ድግስ ከበቂ በላይ ነው" አለችና አምስት ካርቶን አዘዘች። ስኳር የሌለውን ቀይ ቀጥዬ ቀመስኩ። ምላስ ጨበጥ ያደርጋል፤ ከጥብስ ጋር ይሄዳል አልኩ። ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸው ቀምሰው "ዱጉማ! እውነትሽን ነው" አሉና ሦስት ካርቶን ወሰዱ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሄመን እንደ ንብ ትሯሯጣለች።

ሦስተኛው ነጩ ነበር። ገና ሳሸተው ፊቴ ተጨማደደ። ቀመስኩት። "ይሄኛውን አትግዙ" አልኩ። "ሆምጣጤ ሊሆን ነው።"

ከጠረጴዛው ሥር የሄመን ጫማ እግሬን ረገጠኝ። አበላሸሁት ብዬ ተሳቀቅኩ። ግን ሰዉ ከነጩ እየሸሸ ወደ ቀዩ ይበልጥ ተጋፋ። ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሄመን አጠገቤ አልፋ "ሠላሳ ስድስት" ብላ አንሾካሾከች። አራት ብቻ ቀራት!

በዚህ መሃል ሄመንን አንዴ አሳላት። አንዴ ብቻ። እጄ ግን ግንባሯ ላይ ነበር። በሌላው እጄ የሹራቧን ዚፕ እስከ አገጯ ስቤ "ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ ነው እኮ!" አልኳት። ቀና ስል አንድ ሰው ፋይል ይዞ ቆሟል።

"እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?" አለ አቶ ዘርሁን።

"ደንበኛ" አልኩ።

"ደንበኛ የሠራተኛዬን ትኩሳት ይለካል?"

ሄመን ቀስ ብላ ሽርጧን ፈታች። "እናቴ ናት" አለች።

ሽርጡን መልሼ ላስታጥቃት ታገልኩ። "አትምጪ ብላኝ ነበር! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔን አባሩኝ።"

"እርስዎን መቼ ቀጠርኩና ላባርር?"

ኦቦ ዲሪርሳ በጋሪያቸው መሃላችን ገቡ። "ኦቦ ዘርሁን፣ ቆይማ። ዘመድ የሚመጣው ሊያሞግስ አይደለም እንዴ? ይህች ሴትዮ ነጩን ወይንህን በሰው ፊት ሆምጣጤ ስትል ነው የዋለችው።"

"ሆምጣጤ?" አቶ ዘርሁን ከነጩ ተጎነጨ። ፊቱ ሎሚ የላሰ ሕፃን መሰለ። "ይሄ የት ነበር የተቀመጠው?"

"ፀሐይ በሚገባበት ጣራ ሥር" አለች ሄመን። "የዛሬ ሁለት ሳምንት ተበላሽቷል ብዬ ጽፌ ሰጥቼዎታለሁ።"

ፋይሉን ገለጠ። ወረቀቷ ከነቀኑ እዚያው ነበረች። ጆሮው ቀላ። ግን ሥራ አስኪያጅ ነውና ጉሮሮውን ጠረገ። "ነጩ ይነሳ። እሱ ትክክል ነሽ። ደንብ ግን ደንብ ነው። እናትሽ ከመጡ ወዲህ የተሸጠውን አልቆጥርም። ቁጥርሽ አሥራ ሰባት ነው። መሸጫችን እስኪዘጋ ብቻሽን ሽጪ፤ እሳቸው ይውጡ።"

ማርቲ ገና ሒሳብ አልከፈለችም፤ ወረፋ ላይ ነበረች። ይህን ስትሰማ ጋሪዋን አዙራ መጣች። "እሺ፣ እኔ መልሼዋለሁ" ብላ አምስቱን ካርቶን ጠረጴዛው አጠገብ ደረደረች። "ሴትዮዋ ሲወጡ ከልጅቷ እገዛዋለሁ። ደንብ ይከለክላል?"

አቶ ዘርሁን ደንቡን ፋይሉ ውስጥ መፈለግ ጀመረ።

"የእኔንም" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። ከኋላቸው አንዱ "የእኔንም!" አለ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ ሲያስወጣኝ የካርቶን ክምሩ እንደ አጥር ቆሞ ነበር።

ውጭ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። መከራዬ የጀመረው እዚያ ነው። ካርቶን የጫነ ጋሪ በወጣ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ ግን የወይኑና የሳሙናው ካርቶን አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለት ሳሙና ከወይን ደባልቄ ቆጠርኩና እንደገና ጀመርኩ። ማርቲ ወጣች፤ እጇን አውለበለበችልኝ። ኦቦ ዲሪርሳ ወጡና "ልጅሽ አስተዋይ ናት፤ ካንቺ ግን አይደለም የወረሰችው" ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይወጣ ቀረ። ተባራለች አልኩ። መጸዳጃ ቤት ገብታ እያለቀሰች ነው አልኩ። ገርባ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወጣች። ሽርጡን አላወለቀችም። እጇ ላይ ወረቀት አለ።

"ስንት?" አልኳት።

"አርባ ሁለት። ሁለቱን እኮ አቶ ዘርሁን ራሱ ነው የገዛው።"

ወረቀቱን ተቀብዬ የሥራ ውል የሚለውን ርዕስ አነበብኩ፤ ዓይኔ እንባ ስለሞላ ሌላውን ማንበብ አልቻልኩም። ሄመን ዘላ አቀፈችኝ። "አንቺ ግን!" አለችኝ፤ "ዳግመኛ ብትመጪ እኔ ራሴ ነኝ ጥበቃ የምጠራው።"

ታክሲ ውስጥ ገና ሳንንቀሳቀስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። መኪናው ኩርባውን በፍጥነት ሲይዘው ውሉን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩና ረዳቱን በጣቴ ነካ አደረግኩት።

"ልጄ፣ ለሾፌሩ ንገርልኝ" አልኩት፤ "ቀስ ይበል። የተቀጠረች ልጅ ይዣለሁ።"