ከመስታወት ቤት የወጣ ዋግ

ወንድምዬው ቢሮዋ የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። በፌስታል ቋጥሮ ያመጣውን የስንዴ ቅጠል ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው።

«ዶክተሬ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ! ዘርሽ ጉድ ሊሠራኝ ነው» አለ እየሳቀ። ታናሽ እህቱ በዚህ ምርምር ጣቢያ የስንዴ በሽታ ስታጠና አሥራ አንድ ዓመት አለፋት፤ እሱም ይህንኑ ለመንገደኛው ሁሉ ሳያወራ አይውልም።

ቅጠሉን ዳበስ ስታደርገው ጣቷ ላይ ቢጫ ዱቄት ቀረ። ዋግ ነው። ክው አለች።

ዋግማ የትም አለ። ይህን ዘር ግን ደፍሮት አያውቅም፤ መርጣ የሰጠችውም እሷው ናት። ዘሩን የሚያሸንፍ ዋግ የታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት፣ እሷ ዋግን ለሙከራ በስንዴ ችግኝ ላይ በምታራባበት መስታወት ቤት ውስጥ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፦ እዚያ የዋለ ሰው ልብሱን ሳይቀይር፣ ገላውን ሳይታጠብ ማሳ አይረግጥም።

«ማሳህ ውስጥ ሰው ገብቶ ነበር?»

«ማን ይገባል? የዛሬ ሦስት ሳምንት አንቺ መጥተሽ ከዳር እስከ ዳር ዞርሽው እንጂ።»

እውነቱን ነው። «ዛላው ተንዠረገገ፣ ሳይመሽ ድረሽ» ብሎ ሲደውልላት፣ ለአንድ ቀን ምን ይላል ብላ መስታወት ቤት በዋለችበት ሹራቧ ከነፈች። ደንቡን ለሌላው ስታስተምር የኖረች ሴት! ምን ነካት?

«ስማኝ» አለች። «ያመጣሁብህ እኔ ነኝ፣ በልብሴ። ዛሬውኑ ታጭዶ ይቃጠል። የጎረቤቶችህም ማሳ መታየት አለበት።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እኔ እኮ ይህን ቅጠል ይዤ ያልገባሁበት ማሳ የለም። ‹የናንተስ እንዲህ ሆኗል?› እያልኩ ከስንዴያቸው ጋር ሳስተያይ ነው የሰነበትኩት። የዘሩትም ያንቺኑ ዘር ነው፤ ‹እህቴ ናት የሰጠችኝ› ብዬ ያከፋፈልኩት እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ንገራቸው! መድኃኒት ይርጩ፣ ገና አልረፈደም።»

እሱ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ፌስታሉ ውስጥ መለሰና አጥብቆ አሰረው።

«የኔን ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ። ለነሱ ግን ምንም አልልም። ‹ያቺ እህቱ አጠፋችን› ሲሉሽ ልሰማ? ሞቼ ነው ቆሜ! አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ በእናታችን አፅም።»

ዝም የተባለ ዋግ በነፋስ ተሳፍሮ አገር እንደሚያዳርስ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስልኩም እጇ ሥር ነበር። እሷ ግን፣ ምላሷ ይቆረጥና፣ «እሺ» አለችው።