የባል ገጽ

ማስተር አርሂን ሐሙስ ጠዋት ሲደውልልኝ ሱቄን ገና መክፈቴ ነበር። «ኮምፒዩተሩ አላስገባ አለኝ። ፈቃድህን አሳይ ይላል። እባክህ፣ እስከ ስድስት ሰዓት መከፈት አለበት» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ድሮ ያ ድምፅ ሦስት ክፍል አቋርጦ ሲመጣ የምንንቀጠቀጠው እኛ ተማሪዎቹ ነበርን።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከኮቶኩራባ ገበያ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ያዝኩ። አልቸኮልኩም። ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ መንገድ ዳር ቆሜ በላሁ። እጄንም ታጠብኩ።

ሚስቱ አራባ ከሞተች አምስት ሳምንት ሆኗታል፤ ቅዳሜ ትቀበራለች። በእኛ በፋንቴ ሕዝብ ዘንድ ሚስት ስትሞት የእናቷ ወገን ናት። ቀብሩን የሚያዙት፣ የለቅሶውን መጽሔት የሚያሳትሙት ዘመዶቿ ናቸው። ባል የሬሳ ሣጥኑን ያመጣል፣ በመጽሔቱ ውስጥም ስለ ሚስቱ የሚናገርባት አንዲት ገጽ ይሰጡታል። ያቺ ገጽ ከጎደለች ለቅሶ የመጣው ሁሉ ወረቀቱን እያገላበጠ «ባሏስ? ምን ቢያደርጋት ነው አፉ የተያዘው?» ይላል። ያ ወሬ ሰውየውን መቃብሩ ድረስ ይሸኘዋል።

የማስተር አርሂን ገጽ ተጽፋ አልቃለች፤ ያለችው ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። እጁ ብዕር መያዝ ካቆመ ቆይቷል። በአንድ ጣት ፊደል እየለቀመ አምስት ሳምንት የለፋባት ናት።

ስገባ የሟች እህት ኤኩዋ የለቅሶ ጥቁርና ቀይ ለብሳ ትልቁ ወንበር ላይ ተዘርፍጣለች። ደጅ ላይ የማተሚያ ቤቱ ሞተረኛ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል።

«የኮምፒዩተሩ ሐኪም መጣ!» አለች። «ዋርሳዬ፣ ሰዓቱን እያየህ ነው? ስድስት ሰዓት ሲል ሞተሩ ይነሳል። የእህቴ የገበያ ጓደኞች፣ ዓሣ ነጋዴዎቹ እንኳን ገጻቸውን ሰኞ ነው ያስረከቡት።»

«ይደርሳል፣ ኤኩዋ።»

«አራባም ሐኪም ቤት ውሰደኝ ስትልህ ‹ይደርሳል› ነበር ያልካት።»

ማስተር አርሂን ወንበር ሳበልኝ። እኔ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋናውን ቦርድ አቃጥሎበት ነበር፤ የቀየርኩለት እኔ ነኝ። ቦርድ ሲቀየር ፕሮግራሙ «ሌላ ማሽን ላይ ወስደውኛል» ብሎ ይጠረጥራል። ሦስት ቀን ይታገሥና በሩን ይቆልፋል። ያን ዕለት እዚያው በስልክ አስመዝግቤ መጨረስ ነበረብኝ፤ ሰነፍኩ። ያኔ ክፋት አልነበረበትም። ክፋቱ የመጣው በኋላ ነው።

«ምን ይላል?» አለኝ ከኋላዬ ቆሞ።

«ሌባ ነህ ይላል፣ ማስተር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ጓዳ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ይዞ መጣ። ሲዲው፣ ባለ ሃያ አምስት ፊደሉ ቁልፍ፣ ደረሰኙ ሳይቀር አለ። ከተማው በሙሉ በተሰረቀ ፕሮግራም ሲሠራ ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ይኸው! ይኸው ደረሰኙ! እኔ በሕይወቴ የሰው ነገር ነክቼ አላውቅም» አለ።

ይህን ሲል የቆየው ቂሜ ነቃ።

«ማስተር፣ እኔን ያውቁኛል?»

«ኮምፒዩተር ሠሪው ነህ።»

«ታዊያ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ። የትምህርት ቤቱ የወተት ዱቄት ሲጠፋ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ጠጠር ላይ ያንበረከኩኝ፣ ድንጋይ አሸክመው ተማሪውን ሁሉ ‹ሌባ› ያስባሉኝ። ወተቱን የወሰደው የዕቃ ቤቱ ሰውዬ ነበር። በዓመቱ ተያዘ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም።»

ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። የምሩን ነው ያሰበው። «እንጃ» አለ። «ስንቱን ልጅ አስተምሬአለሁ። አላስታውስም። ግን አድርጌውም ከሆነ ለክፉ አልነበረም። ይኸው፣ ሰው ሆነሃል!» ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላለኝም።

ቦርሳዬ ውስጥ የተሰረቀ ፕሮግራም የያዘ ሲዲ አለ፤ በሩን ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንደማይቀበል እያወቅኩ አሳየሁት።

«የተሰረቀ?» አለ። «በአራባ ስም? አውጣው ከቤቴ!»

«እንግዲያው በስልክ ነው።»

በስክሪኑ ላይ ስድስት ስድስት አኃዝ የያዙ ዘጠኝ ረድፎች አሉ፤ እነሱን ስልክ ላይ በፈረንጅ ሴት ድምፅ ለምትናገረው ማሽን ማንበብ ነው። ከተቀበለች መልሳ ቁጥር ትሰጣለች፤ እሱን ስንጽፍ በሩ ይከፈታል።

ስልኩን ሊሰጠኝ ዘረጋ። «አንተ አንብብላት ልጄ፤ ዓይኔም እጄም እንደምታየው ነው።»

«ባለቤቱ ራሱ ነው ማንበብ ያለበት፤ ደንቡ ነው» አልኩት። እንዲህ የሚል ደንብ የለም።

ጀመረ። «ሰባት… ዜሮ… አራት…» አምስተኛው ረድፍ ላይ መስመር ዘለለ። ሴትዮዋ አልገባኝም፣ እንደገና ሞክሩ አለች። እንደገና። ሰባተኛው ላይ ሳል ያዘው፤ ሳሉንም ቁጥር መስሏት ተበላሸ።

ኤኩዋ ሳቀች። «በዱላ ቁጥር ያስተማረን ሰውዬ ዛሬ ቁጥር አቃተው! ታዊያ፣ አንበርክከው እንጂ!»

በሦስተኛው ሙከራ ግን አለፈ። አኃዞቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ፣ ላቡ ከአገጩ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ጨረሰ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ከዚያ ሴትዮዋ የመጨረሻዋን ጠየቀች። ይህ ቅጂ በስንት ኮምፒዩተር ላይ ተጭኗል? ቁጥሩን ይጫኑ።

በዚህ ሙያ ያለ ሰው መልሱን ተኝቶም ያውቀዋል። አንድ ነው። መቶ ላይ ብትጭነውም አንድ ነው የምትለው። የእሱ ደግሞ ከነእውነቱም አንድ ነበር፤ ያው ሣጥን፣ ያው ዲስክ፣ የተቃጠለው ቦርድ ብቻ ነው የተጣለው።

ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። «ታዊያ፣ ቦርዱን ቀይረኸዋል። እንግዲህ ይሄ ያው ማሽን ነው ወይስ ሁለተኛ?»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«በፊት በዚያኛው ላይ ተጭኖ ነበር፤ አሁን ደግሞ በዚህኛው። እንደኔ ሁለት ይመስለኛል።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ኤኩዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «አንድ በልና ገላግለን!»

«ለእህትሽ ነው የምጽፈው። በውሸት በር አልገባም።» ወደ እኔ ዞረ። በዚያች ደቂቃ እንደ ተማሪ ነበር የሚያየኝ፣ መልሱን ከአስተማሪው ፊት ላይ እንደሚፈልግ ተማሪ።

«እውነቱን ይናገሩ፣ ማስተር» አልኩት። «ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ሁለትን ተጫነ።

ሴትዮዋ በጨዋ ድምፅ ይቅርታ፣ ይህ ቅጂ ሊረጋገጥ አይችልም አለችና ዘጋች። መልሶ ቢደውል ካርዱ አልቋል።

ኤኩዋን መለመን ጀመረ። «በቃሌ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊው። አንድ አምስት መስመር ብቻ።»

እሷ ደግሞ የጠበቅኩትን ያህል አልጨከነችም። ከሞተረኛው ወረቀት ተቀብላ «በል፣ ተናገር» አለችው።

አፉን ከፈተ። «አራባ… አራባ ጥሩ ሚስት ነበረች።» ከዚያ ጠፋበት። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ይንከራተታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለም። አምስት ሳምንት የጻፈውን ማሽኑ ውስጥ አስቀምጦ ራሱ ባዶውን ቀርቷል።

«ይህንንማ ፓስተሩም ብሎታል» አለች ኤኩዋ። ወረቀቱን አጣጥፋ ተነሳች። «በገጽህ ላይ የዓሣ ነጋዴዎቹን ፎቶ እናደርጋለን፣ ዋርሳዬ። ቦታ አንሷቸው ነበር።» ማስተር ሞተሩ ዳገቱን ሲወርድ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠ።

አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። አራት ብሎን ፈትቼ ዲስኩን ባወጣው፣ ሱቄ ወስጄ ሌላ ማሽን ላይ ብሰካው፣ ያለ ማንም ፈቃድ ጽሑፉን አገኘው ነበር። ከመነሻው እስከ መድረሻው ግማሽ ሰዓት። መፍቻው ጠዋቱን በሙሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ማሽኑ እኔ ጋ ይቆይ፤ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ተሸክሜ ወረድኩ።

ሱቄ ገብቼ ስልኩን ደወልኩ፣ ቁጥሮቹን አነበብኩ፣ አንድን ተጫንኩ። ሰባት ደቂቃ አልሞላም፤ ተከፈተ። ጽሑፉ እዚያው ፊት ለፊት ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «አራባን መጀመሪያ ያወቅኋት ዝናብ አሯሩጦን አንድ ደጃፍ ስንጠለል ነው። ዝናቡ አባራ። ሁለታችንም አልሄድንም።» እውነቱን ለመናገር እኔ ስሞት እንዲህ የሚጽፍልኝ የለም። አጠፋሁት። ከቆሻሻ ቅርጫቱም ውስጥ አጠፋሁት።

ቅዳሜ ለቅሶ ሄድኩ፤ ጥቁሬን ለብሼ። መጽሔቱ ታደለ፤ የልጆቿ፣ የቤተ ክርስቲያኗ፣ የዓሣ ነጋዴዎቹ ቃል በቀለም ከነፎቶው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ገጹን ወዲያና ወዲህ ሲያገላብጡ ሰማሁ።

«የባልየው የታለ?»

«ምን ብሎ ይጻፍ? የገደላት እሱ አይደል?»

ማስተር አርሂን ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ጆሮው እንደሆነ ደህና ነው።

ማክሰኞ ማሽኑን መለስኩለት። አብርቼ አሳየሁት፤ ሕጋዊ ነው፣ ፏ ብሎ ተከፈተ።

«ጽሑፉስ?»

«ፈቃዱ ሲታደስ የውስጡ ሁሉ ይጸዳል፣ ማስተር። አይተርፍም።»

አመነኝ። ስለ ሙያው ምን ያውቃል? ወንበሩን ስቦ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። ባዶውን ገጽ ከፍቶ የአራባን ስም ጻፈና ቆመ።

«ታዊያ» አለ ሳይዞር፣ «እንዴት እንደጀመርኩት ጠፍቶኛል። የመጀመሪያዋን መስመር ባገኛት ሌላው ይመጣልኝ ነበር። ስትሠራው ምናልባት ዓይንህ አርፎበት ይሆን?»

ቃል በቃል አፌ ላይ ነበረች። አሁንም አለች።

«አላየሁትም» አልኩት፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።