ባይድሩኝ ኖሮ

ስርጉት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ዕድሜዋ ከክፍል ጓደኞቿ ገፋ ያለ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ገሳይ ከተማ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ፣ አባቷ አቶ ይሻው «ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ» ብለው ባዩ ለሚባል ገበሬ ዳሯት። ትዳሩ አልጸናም። ባዩ ሲጠጣ ይማታል፤ አራስ ሆና እንኳ አልማራትም። በመጨረሻ ልጇን ሕይወትን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያም ሕፃኗን ለእናቷ ለእቴነሽ ትታ፣ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ትምህርቷን ቀጠለች።

የእንግሊዝኛ መምህሯ ደጀን የሚባል ወጣት ነው። ያን ሰሞን «ቢሆን ኖሮ» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች ሲያስተምር ሰንብቶ፣ የተደባለቀው ዓይነት ላይ ሲደርስ ክፍሉ ሁሉ ግራ ገባው።

«ይኼ እኮ ያው ያለፈው ነው መምህር» አለች ስርጉት። «‹ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር።› ምን ልዩነት አለው?»

«አማርኛችን ነው የሚያሳስተን» አለ ደጀን። «እኛ ያለፈውንም ያሁኑንም በአንድ ‹ነበር› እንዘጋዋለን። እንግሊዝኛው ይለየዋል። ማታ ባይዘንብ ኖሮ አሁን መንገዱ ደረቅ ነበር። ዝናቡ አልፏል አይደል? ጭቃውስ?»

«ጫማችን ላይ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

«በቃ! ምክንያቱ ያኔ፣ ውጤቱ ዛሬ። ስለዚህ ምክንያቱን በ‹ሃድ› ትናገራላችሁ፤ ውጤቱ ላይ ግን ‹ውድ ሃቭ› አትበሉ፤ ‹ውድ› ብላችሁ ግሱን እንዳለ አስከትሉ። እስቲ ከራሳችሁ ኑሮ ሞክሩ።»

ስርጉት ብዙ አላሰበችም። ተነሥታ፣ አባቷ ባይድሯት ኖሮ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትሆን እንደነበር በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«ፐርፌክት! አጨብጭቡላት!» አለ ደጀን።

ክፍሉ አጨበጨበ። እሷ ግን የመምህሩን «ውጤቱ ዛሬ» እያሰላሰለች ተቀመጠች። ሰው ሁሉ «ያለፈ ነገር ነው፣ እርሽው» ሲላት፣ እሷም አልፏል ብላ ነበር የከረመችው።

በገበያ ቀን አባቷ በሶና ድንች ይዘውላት በአይሱዙ መጡ። ሽሮ አቀረበችላቸው።

«ትምህርቱ እንዴት ነው ልጄ?»

«ደኅና ነው አባየ። እንግሊዝኛው ነው ከበድ ያለኝ።»

«ምኑ ከበደሽ?»

እንደ ዋዛ ልታልፈው ትችል ነበር። አላለፈችውም።

«ያኔ የተደረገ ነገር ዛሬ የት እንዳደረሰን መናገር ነው። ለምሳሌ፣ ባይድሩኝ ኖሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ።»

አቶ ይሻው የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ሰሐኑ ላይ አኖሩት።

«አገሩ ተኩስ በተኩስ ነበር። ሴት ልጅ ይዤ ምን ላድርግ?»

«ወንድሜን ደረጄንስ? ወንድ ስለሆነ ባሕር ዳር አጎቴ ዘንድ ልከው አላስተማሩትም?»

አቶ ይሻው ሰሐኑን ገፋ አደረጉት። ድምፃቸው ሻከረ።

«ሕይወትስ? ባልድርሽ ኖሮ ሕይወት ዛሬ ትኖር ነበር? ጧት ስወጣ እግሬን ይዛ ስታለቅስ ነው ትቻት የመጣሁት። በይ እንጂ፣ ‹ምነው ባልወለድኳት› በያ!»

የአባቷ ዓረፍተ ነገር ስሕተት አልነበረውም። ልጇን እንደምትወድ ብትናገር ይቅር ያለቻቸው ሊመስላቸው ነው፤ ዝም ካለች ደግሞ ልጇን መካድ ሆነባት። ዝም አለች።

አቶ ይሻው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ብቻ ፈተናሽን እለፊ» ብለው ሄዱ።

በሚቀጥለው ገበያ ስንቋን ያመጣው ጎረቤታቸው ሙላቴ ነው።

«አባየስ?»

«አያ ይሻው እርሻ በዝቶባቸው ነው» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ።

ጆንያውን ተቀበለችው። «ሕይወትስ ደኅና ናት?»

ሙላቴ አሁን ፊቱ ፈካ። «ኧረ በጣም ደኅና ናት! አፏን ፈታች እኮ። እናትሽን እቴነሽን ‹እማየ› ማለት ጀምራለች» አላት፣ ደስ የሚላት መስሎት።