በመስተዋት የታየ ጠባሳ

ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚያየው በመስተዋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደንበኛ ገብቶ፣ ተላጭቶና ተጨዋውቶ እስኪወጣ ዓይን ለዓይን የሚተያዩት መስተዋቱ ውስጥ ነው። ሰላምታውም ሐሜቱም በዚያው በኩል ያልፋል። ሚስቱ፣ «ለጋብቻ የጠየቅኸው እኮ እኔን ሳይሆን መስተዋቱን ነው» እያለች ትቀልድበታለች።

ጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኝ ሱቁ ውስጥ ተወግቶ የሞተ ለታም ገዳዩን ያየው እንደዚያው ነበር። ሰውየው ሮጦ ሲወጣ የፀጉር ቤቱ በር ላይ ለአፍታ ቆሞ ወደ ውስጥ አፈጠጠ። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መቀሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቀጭን ፊት፣ በግራ ጉንጭ ላይ የወረደ ጠባሳ። በኋላ ፖሊስ ሰዎች ደርድሮ «የትኛው ነው?» ሲለው ሳያመነታ አንድ ቀለም ቀቢ ላይ ጠቆመ። የእሱም ፊት ቀጭን ነው፤ የእሱም ጠባሳ በግራ ነው። ችሎት ፊትም ደገመው።

«ጋሼ፣ ኧረ በደንብ ይዩኝ!» ብሎ ለመነው ቀለም ቀቢው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ባለበት አንድ ሰው ገብቶ «ጢሜን» አለና ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አስሮለት ቀና ሲል ያንኑ ፊት መስተዋቱ ውስጥ አየ። ክው አለ። ቀለም ቀቢው ከእስር ቤት ያመለጠ መሰለው። ምላጩን ሊያሳርፍ ጎንበስ ሲል ግን ጠባሳው በቀኝ ጉንጩ ላይ ነው። ቀና አለ፤ ግራ። ጎንበስ አለ፤ ቀኝ። መስተዋት ቀኙን ግራ እንደሚያደርግ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እሱን ግን ልማድ አስረስቶት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ቀና ጎንበሱ በዛ» አለ ሰውየው።

«ወገቤ ነው።»

«ሲመሰክሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቼዎታለሁ። ዓይንዎ ጎበዝ ነው፤ እንደዚያው ይሁን።» ፈገግ አለ። «ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?»

ላጨው። ፎጣውን ፈትቶ እስከ በሩ ሸኘው።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈርቷል። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ግን ያ «በደንብ ይዩኝ» የሚለው ልመና ከጆሮው አልወጣ አለ። ተነሣና መስተዋቱን በካቻቢቴ ከግድግዳው ፈታው። በአፍ ብቻ ቢናገር ፖሊሶቹ ያረጀ ሰው ቅዠት ነው ይሉታል፤ መስተዋቱ ፊት ቆመው ቀኙ ግራ ሲሆን በዓይናቸው ይዩት።

መስተዋቱን ወደራሱ አዙሮ፣ ግርጌውን ሆዱ ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ እንደያዘ መንገድ ጀመረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ብዙም ሳይርቅ ያ ቀጭን ፊት ከትከሻው በላይ መስተዋቱ ውስጥ ብቅ አለ። እየተከተለው ነው። ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል።

ዞር ብሎ አላየውም። ወደ ፖሊስ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ። ጠባሳው አሁንም በግራ በኩል ይታየዋል።

«ቀኝ ነው» አለ ለራሱ፣ እስኪደርስ እንዳይጠፋበት። «ቀኝ ነው፣ ቀኝ ነው።»