ባዶው ወንበር ላይ የሚያርፍ ዐይን

«አሁንም እያያት ነው» አለች ጎረቤቲቱ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጭኗ ላይ አሳርፋ። «በሞቴ፣ ዐይኑን ተከተሉት!»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ዞር አሉ። በባለጎማው ወንበር ላይ በቀበቶ ተደግፎ የተቀመጠው ወጣት አንገቱን እንደምንም ጠምዝዞ፣ ጥግ ያለውን የእናቱን ወንበር ትክ ብሎ ያያል። እናቲቱ ከተቀበረች ወዲህ እዚያ ላይ የተቀመጠ የለም። ቦታ ጠቦ ሰው በር ላይ ሲቆም እንኳ ወንበሩን ልሳበው ያለ አልነበረም።

ትሪ ይዛ የቆመችውን እህቱን ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

ከሌላ ከተማ ነው የመጣችው። መነጽር ቤት ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ የሰው ዐይን እያየች «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ስትል ትውላለች። ወንድሟን ግን አልፎ አልፎ መጥታ ግንባሩን ስማው ከመሄድ በቀር እምብዛም አታውቀውም። እናታቸው «ጌታው» ትለው ነበር። «ያጎርሱታል፣ ያለብሱታል፣ በዐይኑ ያዛል። ጌታ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?» እያለች ትስቅ ነበር።

«ምንም አያውቅ፣ ምስኪን» አሉ አንዲት አሮጊት።

ዐይኑ ከሴትዮዋ ላይ ተነሥቶ ወደ ባዶው ወንበር ሄደ።

«ይጋባል ይላሉ እኮ» አለች እርጉዟ የአክስቱ ልጅ፣ ሆዷን በሻርፗ እየሸፈነች።

ዐይኑ እሷን አየ፣ ቀስ ብሎ እንደገና ወንበሩ ላይ ዐረፈ። አፉም ተጣመመ፤ ፈገግታ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል። እርጉዟ ደህና ዋሉም ሳትል ወጣች።

አጎትየው፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ እህትየዋን ወደ ወጥ ቤት ጠራት።

«ስሚኝ ልጄ፣ አንቺ ሥራ አለሽ። ዛሬውኑ ጭኜ ወደ እንክብካቤ ቤት ልውሰደው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ከቆየ እናቱ ትወስደዋለች። ሲጠቃቀሱ አላየሽም?»

ጠዋት እሷም ሾርባ ልታጎርሰው ስትል ያንን ወንበር ሲያይ ማንኪያው ከእጇ ወድቋል።

አጎትየው ወደ ለቀስተኛው ሲመለስ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ውሃው እጇ ላይ ሲወርድ አንድ የልጅነት ቀን ትዝ አላት። እናቷ ልጇን ታቅፋ ከሐኪም ቤት ስትመለስ እሷ «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«ማንም» አለች እናቷ። «ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። የአንድ በሽታ ስም እንኳ አይደለም፤ የብዙ ዓይነት ችግር መጠሪያ ነው አለችኝ ሐኪሟ። አንጎሉ ገና ሲያድግ ተጎዳ። ጉዳቱ እዚያው ቆሟል፤ አይሰፋም፣ አይጋባም። ጡንቻው ግን እያጠረ እንዳያስቸግረው ሁልጊዜ ማፍታታት አለብን። ምላስም የሚታዘዘው በጡንቻ ነው። አለመናገርና አለመረዳት ለየቅል ናቸው።»

ከዚያ ወንበሯን ስባ ፊቱ ተቀመጠች። «እሺ ስትል መስኮቱን እይ። እምቢ ስትል ግን እኔን እይ። እምቢታህን ፊት ለፊት ንገረኝ።»

ብርጭቆው እጇ ላይ ቀረ። እናታቸው የለችም፤ እምቢታውን የሚነግረው ለወንበሯ ነው። ምንም አያውቅ፦ እምቢ። ይጋባል፦ እምቢ። ሾርባውም!

እየሮጠች ስትገባ አጎትየው የጎማውን ፍሬን እያላቀቀ ነበር።

«ጌታው፣ ከአጎታችን ጋር መሄድ ትፈልጋለህ?»

ትከሻው ተገተረ፤ እጁ ሳያዘው ተወረወረ። ዐይኑ ግን ወንበሩን አገኘ።

«ይኸው! እሷን ይጠይቃል!» አለ አጎትየው።

«እምቢ ማለቱ ነው። እሺ ሲል መስኮቱን ያያል። እስቲ ራስህ ጠይቀው።»

አጎትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ… ሹፌር ነኝ?»

መስኮቱን።

«ጎበዝ ሹፌር?»

ወንበሩን።

አሮጊቷ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አጎትየው ፍሬኑን መልሶ አሰረ። «ስንት ነገር አወራን ፊቱ!»

«መኪናህን የእኔን ዕቃ ማምጫ አድርጋት» አለችው እህትየዋ። «እዚህ እገባለሁ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ልግባ?»

መስኮቱን አየ።

ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱ ጭር አለ። ፊቱ ቆማ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«እናታችን ሄዳለች» አለችው። «ታውቃለህ አይደል?»

የከሰዓቱ ብርሃን መስኮቱ ላይ ነበር። አላየውም። አንገቱን አስግጎ በትከሻዋ በኩል ከኋላዋ ወዳለው ወንበር ተመለከተ፤ ዐይኑ እዚያው ቆየ።

አልዞረችም። ቀስ ብላ ከመሃል ዘወር አለችላቸው።