የኋላው ክፍል መስመር

«ግፋ ስልህ ግፋ፣ ቁም ስልህ ቁም!» አሉ እትዬ ሽቦ፣ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ራሳቸውን በባላቸው አልጋ ሥር ከትተው።

«ገፋሁ እኮ እማማ!» አለ አማቻቸው ከሳሎን። «አልሄድ አለኝ፤ የሆነ ነገር ይዞታል።»

«የያዘው ያንተ ጥድፊያ ነው። ሁለት ክንድ መልሰውና እያሽከረከርክ እንደገና ላከው። እኔ ከዚህ እጎትታለሁ።»

ሰፈሩ «እትዬ ሽቦ» ያላቸው በከንቱ አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ዝናብ አንድን መንደር ከዓለም ሲቆርጠው፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው መልሰው የሚያገናኙት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ሲታጠፍ ይንቋቋል፣ ዓይናቸውም ሰማያዊን ከአረንጓዴ ለመለየት ይቸገራል።

አልጋው ላይ ያሉትን ባላቸውን ደግሞ ሰው ሁሉ «ዳኛው» ይላቸዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የእግር ኳስ ጨዋታ ሲመሩ ኖረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ከበደ። በቀን ከአራት አምስት ቃል በላይ አይወጣቸውም። አንድ ጊዜ ልጃቸውና አማቻቸው ተሸክመው ሳሎን ሊያወጧቸው ሲሞክሩ፣ «ዕቃ… አይደለሁም» አሉ። ከዚያ ወዲያ የደፈራቸው የለም።

ደስታቸው ጨዋታዎቻቸው ነበሩ። ድሮ የክለቡ ፎቶ አንሺ በካሴት የቀረጻቸውን አርባ አንድ ጨዋታዎች፣ ልጃቸው ለፍታ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስገልብጣ ነበር። አማቹ አንዷን ጨዋታ በፍላሽ ሲያመጣላቸው አልጋቸው ፊት ለፊት ባለው ቴሌቪዥን ያዩና፣ ሌላ ሲያምራቸው ግን ሰው መለመን አለባቸው። ልጃቸውና አማቻቸው ሥራ ይውላሉ፤ አንዱ ፍላሽ ጭራሽ ከሱሪ ኪስ ጋር ታጠበ። ዳኛው ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀመሩ። ይህ አልበቃ ብሎ ባለፈው ወር ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አመጣ።

«ይሄ ነገር ሊሞት ነው» ነበር ያለው አማቻቸው፣ ጆሮውን አስጠግቶ። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ጨዋ ግን ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ነው። «ሁለት ዲስክ ያለው ሰርቨር እንግዛና ሁሉንም እዚያ እናስቀምጥ። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ከዚያ በየክፍሉ የፈለጉትን መርጦ ማየት ነው። የአባባ ክፍል ግን አይሆንም። ያ ግድግዳ የድንጋይ ነው፤ ዋይፋይ አያልፈውም። እንብሳው ብንል ደግሞ ቤቱ አርጅቷል።»

በማግስቱ ቁርስ ላይ እትዬ ሽቦ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «እዚያ ግድግዳ ውስጥ ቱቦ አለ» አሉ። «የቀበርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስልካችን የነበረው መኝታ ቤት ነው።»

«ከሠላሳ ዓመት በፊት?»

«ቱቦ ጡረታ አይወጣም!»

ሰርቨሩ ተገዛ። ከጡረታቸው ካጠራቀሙት ግማሹ ሄደ፤ እትዬ ሽቦ ግን ሲከፍሉ ቅር አላላቸውም። የታመመው ዲስክ አርባውን ጨዋታ እያቃሰተም ቢሆን አስገለበጠና አርባ አንደኛው ላይ ቀጥ አለ። ነቅለው አሳረፉት። ሲቀዘቅዝ መልሰው ቢሰኩት የመጨረሻውን አስረክቦ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

አሁን ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የድሮው የስልክ ሽቦ ጫፍ እትዬ ሽቦ እጅ ላይ ነው። ሌላው ጫፉ ሳሎን ውስጥ ከአዲሱ የኔትወርክ ገመድ ጋር በፕላስተር ታስሯል። አሮጌው ሲወጣ አዲሱን ይዞት እንዲመጣ ነበር ሐሳባቸው። ከተበጠሰ ግን አለቀ፤ ሌላ መንገድ የለም።

ጎተቱ። እንቢ አለ። ትንሽ ለቀቁለትና እንደገና ጎተቱ። ሽቦው አቧራና የግድግዳ ፍርፋሪ እየተፋ አንድ ስንዝር መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ክንድ፤ ከዚያ ድንገት ተለቀቀና እትዬ ሽቦ ጭንቅላታቸውን ከአልጋው ብረት ጋር አላተሙ።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

«መጣልኝ!» አሉ አናታቸውን እያሹ። «መጣልኝ ነው የምልህ! ና እየው!»

ዳኛው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

የአዲሱን ገመድ ጫፍ መሰኪያ ማልበስ ቀረ። እትዬ ሽቦ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድረው መሰኪያው ውስጥ ከተቱና በጉጠት ጨመቁ። ገመዱን የሰኩበት መፈተሻ ስምንት መብራቶች ከአንድ እስከ ስምንት በተራ መብራት ሲገባቸው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ተራቸውን ተለዋወጡ።

«ሰማያዊና አረንጓዴው ተምታቱብዎት» አለ አማቻቸው ቀስ ብሎ። «ይስጡኝ፣ እኔ ልሥራው።»

«እጅህን ሰብስብ!»

ጫፉን ቆርጠው ጣሉት። የባላቸውን መነጽር ከኮመዲኖው አንሥተው በራሳቸው መነጽር ላይ ደረቡት። ከአልጋው በኩል እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ዳኛው እየሳቁ ነበር። እትዬ ሽቦ ያንን ሳቅ ከሰሙ ስንት ወራቸው! ሽቦዎቹን መልሰው ደረደሩና ሁለተኛውን መሰኪያ ጨመቁ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ስምንት። ሁሉም በየተራው በራ።

አማቻቸው የገመዱን አንድ ጫፍ ሳሎን ካለው ሰርቨር፣ ሌላውን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ካስቀመጣት ትንሽ ማጫወቻ ጋር አገናኘ። አርባ አንዱ ጨዋታዎች ከነዓመታቸው ተዘርዝረው ወጡ። እትዬ ሽቦ ሪሞቱን በባላቸው ግራ እጅ ላይ አኖሩ።

«በል ምረጥ። ማንንም አትጠብቅ።»

አውራ ጣታቸው አመነታ፤ ከዚያ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከመጨረሻው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመና ተጫነ። የዋንጫ ጨዋታ ነበር፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት።

በዚሁ መሐል ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ብቅ አለ። ድሮ የዚያ ጨዋታ ተሸናፊ ቡድን በረኛ ስለነበረ ሁሉም «በረኛው» ይለዋል። በየቅዳሜው ዳኛውን ሊጠይቅ ይመጣል፤ በየቅዳሜው ያችኑ «አልነካሁትም» የምትል ክርክሩን ያነሣል።

«እንዴ! ያ እኔ ነኝ እኮ!» አለ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ። «ፀጉር ነበረኝ ለካ! በሉ ዛሬ ተገኛችሁ። አጥቂውን አለመንካቴን ዓለም ይይልኝ!»

ጨዋታው ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ አጥቂው በረኛውን አልፎ ወደቀ፤ ፊሽካው ጮኸ፤ ሜዳው ተናወጠ። ዳኛው ምስሉን በራሳቸው አውራ ጣት ወደ ኋላ መለሱትና ቀስ አድርገው ለቀቁት። አጥቂው መጣ። በረኛው ተወረወረ። ኳሷ አለፈች። የበረኛው ቀኝ እጅ ተዘረጋና የአጥቂውን ቁርጭምጭሚት ጨምድዶ ያዘ።

«እውነት ነው፣ በእግርህ አልነካኸውም» አሉ እትዬ ሽቦ።

ዳኛው ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ክንዳቸው ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ ጣታቸው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችውን ነጭ ነጥብ አመለከተ።

«ፍጹም… ቅጣት… ምት» አሉ።

በረኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን ድንጋይ እየተወረወረብዎት ነው ከሜዳ የወጡት» አለ። «እኔ ቆሜ አየሁ። እውነቱን ልንገርዎት ዳኛ? ውሸቱን ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሣ እኔም አምኜው ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ዳኛው የዘረጉትን እጅ አውርደው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ በረኛውም ዓይኑን እየጠረገ አብሯቸው ሳቀ።

«ያዳንኳቸው ኳሶችስ አሉ?» አለ በረኛው ቆይቶ።

«ሁሉም አለ» አለ አማቻቸው። «የእርስዎ ብቻ ዘጠኝ ጨዋታ ይሆናል።»

«ባለቤቴ ግብ ስጠብቅ አይታኝ አታውቅም። የተጋባነው ኳስ ካቆምኩ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ወገቧ ከያዛት ወዲህ ከቤት አትወጣም።»

እትዬ ሽቦ ባላቸውን አዩ። ዳኛው ጭንቅላታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሳሎን ውስጥ አማቹ የተረፈውን ገመድ ክርኑ ላይ መጠቅለል ጀምሮ ነበር።

«ተወው፣ አትጠቅልለው» አሉት እትዬ ሽቦ፣ ጫማቸውን አጥልቀው ገመዱ የሚገባበትን የበረኛውን ቤት ግድግዳ ሊያዩ ወደ አጥሩ እየሄዱ።