ወደ ቀኝ የዞረው ኪስ

ታደሰ አባይነህን የሰደበው የካቲት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተሩብ ላይ ነው። አባይነህ ሰዓቱን እንኳ ያልረሳው፣ ሰው ሲስቅበት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሲመለከት ስለነበር ነው። የድርሰት ክበብ ስብሰባ ነበር። የሁለተኛ ደረጃው የአማርኛ አስተማሪ መምህር ታደሰ፣ አባይነህ ሦስት ሳምንት ሙሉ የደከመባትን አራት ገጽ ድርሰት እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ሱሪህን እጠር። ድርሰት የተማረ ሰው ሥራ ነው» አለ። አርባ ሰው ሳቀ። አባይነህ ሠላሳ ዘጠኙን ይቅር ብሏል። አርባኛዋ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የሳቀችው፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛዋ ሰገነት ነበረች። አባይነህ ያን አራት ገጽ የጻፈው ለእሷ ነው።

ይኸው ስድስት ዓመት ከስምንት ወር።

«ኧረ ቀጥል እንጂ ሙሜ!» አሉ ቀሚስ ሊያሳጥፉ የመጡት እትዬ ብዙነሽ።

ጎረቤቱ ሙሜ የስፌት መኪናውን አቁሞ ከአዲስ አበባ የመጣውን መጽሔት ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሐረር መኪና ግርግር ላይ ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ያለ ጸጥታ ተሰምቶ አያውቅም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች አንድ በአንድ እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አንስተዋል። የራሱ መኪና ብቻ ስትጮህ አባይነህም አቆመ። ካላቆመ ያስታውቅበታል።

ሙሜ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ። «‹እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ ደረቱ ነው። እዚያ ኪስ የለም። ኮቱ ውስጡ ወደ ውጭ ሲገለበጥ ኪሱ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። ሁለቱ ትኬቶች በቀኝ ናቸው፤ እጁ ግን ይህን ገና አልለመደም። ፊልሙ ተጀመረ። እሷ አልመጣችም።›»

አባይነህ አንገቱን አቀርቅሮ ሳቁን ጠበቀ። ሳቁ እዚህ ላይ ነበር መምጣት ያለበት። ይቺን እጅ የጻፋት ሐረር እንድትስቅባት ነው።

«እኔን!» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ የሚታጠፍላቸውን ቀሚስ እቅፋቸው ውስጥ ጨብጠው። «እኔን ያርገኝ! ምን ዓይነት ምስኪን ነው?»

ማንም አልሳቀም።

መጽሔቱ ሐረር ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው። «ሁለት ትኬት» የምትለው አጭር ልቦለድ ከሥሯ «ዘጀጎል» የሚል፣ የሐረርን ግንብ የሚጠራ የብዕር ስም አለባት እንጂ ማን እንደጻፋት የሚያውቅ የለም። አባይነህ ሰገነት ከምትሠራበት መስኮት ሽሽት ድሬዳዋ ድረስ ወርዶ ነበር በፖስታ የላካት። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ለማስለካት የመጣው ሁሉ ስለ ልቦለዷ ነው የሚያወራው፤ ሁለት ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም።

«ወላሂ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው» አሉ ሐጂ ዩሱፍ። አባይነህና ሙሜ መኪናቸውን ያቆሙት በእሳቸው ጨርቅ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። «ሽማግሌ ልኮ አባቷን ቢጠይቅ ሲኒማ ቤት በር ላይ ብርድ ይመታው ነበር?»

«ሐጂ፣ አሁን እኮ ሽማግሌ የሚላከው ልጅቷ እሺ ካለች በኋላ ነው» አለ ሙሜ።

«አስተግፊሩላህ! እና መጀመሪያ ምን ይላካል?»

«መጀመሪያ ደብዳቤ። ቀጥሎ ሻይ። ቀጥሎ ሲኒማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያለውንማ አላህ ነው የሚያውቀው!»

መንገዱ ሙሉ ሳቀ። ሐጂ ዩሱፍም ፊታቸውን ወደ ሱቃቸው አዙረው ሳቁ።

«ልጅቷስ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ቀጥሮ መቅረት ምን የሚሉት ስድነት ነው? የእኔ ልጅ ብትሆን እግሯን እሰብረው ነበር።»

«እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ ብትሆን ሲኒማስ ይልኳት ኖሯል?»

«አልካትም! ግን ከቀጠረች ትሂድ!»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፊ መቀሱን እንደያዘ ጮኸ። «የቀበሌው ጓድ ትናንት ምን እንዳለ ሰማችሁ? ድርሰቱ የሠርቶ አደሩን ትግል አያሳይም አለ።»

«አቦ ተወው!» አለ ሙሜ። «ኮት የሚያስገለብጥ ሰው ሠርቶ አደር ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?»

አባይነህ ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተው። «ሰውየው አታላይ አይደለም እንዴ?» አለ። «አሮጌውን ኮት አዲስ አስመስሎ ሴት ሊያጠምድበት! ምኑ ነው የሚያሳዝናችሁ?»

«ሂድ ወዲያ!» አሉት እትዬ ብዙነሽ። «አንተ ልብህ ምን ነክቶታል? ለእሷ ሲል አይደል ያስገለበጠው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ‹መንገድ ጠፍቷት ይሆናል› ሲል አልሰማህም? ይኼን የጻፈው ሰው ራሱ ሴት ጠብቆ የቀረችበት መሆን አለበት።»

አባይነህ መርፌው ውስጥ ክር የሚያስገባ መስሎ አጎነበሰ።

ኮቱን እሱ ነው የገለበጠው። አምና ግንቦት ላይ፣ መንገዱ ጭር በሚልበት በምሳ ሰዓት፣ ታደሰ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣለት። ቡናማ ሱፍ ነው። ፊቱን ፀሐይ በልቶታል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። «ገልብጥልኝ፤ ነገር ግን ለሰው…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። «መምህር፣ እዚህ መንገድ ላይ ምላስ የለም» አለው አባይነህ። ይህም እውነት ነው። መኪና ግርግር ላይ የተገለበጠ ኮት ማን ቤት እንደተገለበጠ አይነገርም፤ ተናገረ የተባለ ሰፊ በማግስቱ የሚሰፋው ያጣል። ከዚያ ታደሰ ቀጠሮ ሊያስጽፍ፣ «ስምህን ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀው። ስምህን! ስድቡ ቀርቶ ተሰዳቢው ራሱ ከሰውየው ጭንቅላት ወጥቷል። አባይነህ ስድስት ዓመት ሙሉ የተሸከመውን ነገር ታደሰ ለአንድ ቀን እንኳ አልተሸከመውም።

ኮሌታው እንዲቆም ከውስጥ የሚገባ ጠንካራ ሸራ ነበረው። ሸራውን ትቶ፣ ሰማያዊ የባዕድ ፊደል የታተመበትን የእርዳታ ዱቄት ከረጢት ቆርጦ አስገባበት። ይልበሰው፣ አለ። የተማረ አንገቱን በረሀብተኛ ከረጢት ያቁም። በወሩ፣ እሑድ ቀን፣ ታደሰን በዚያው ኮት ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ አየው። ሰገነትን ይጠብቅ ነበር፤ ሰገነት አልመጣችም። አባይነህ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ፊልሙ እስኪያልቅ አብሮት ቆመ። ቤቱ ገብቶ መጻፍ ሲጀምር የታደሰን እጅ ጻፈ፣ ኪሱን ጻፈ፣ ኮሌታውን ጻፈ። መጠበቁ ላይ ሲደርስ ግን ቸገረው። የታደሰን ልብ ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀውን የራሱን አገባበት። ሰው እያነበበ የሚያለቅሰው በዚያች ነው፤ ሐዘኑ ግን ለታደሰ ይቆጠርለታል።

ሙሜ ገጹን ገለጠ። «‹ኮሌታው ውስጥ የእርዳታ ዱቄት ከረጢት አለ። ለባሹ ይህን አያውቅም።›» ንባቡን አቆመ። «ቆይ… ለባሹ ካላወቀ ማን አወቀ?»

ሙሜ ራሱ መጽሔቱን በመዳፉ መታ።

«ይኼን የጻፈው ሰፊው ነው! ወላሂ ሰፊው ነው! ደንበኛውን በመጽሔት አወጣው እኮ! እንዲህ ላለ ሰው ማን ቁልፍ ያስተክላል?»

«የአዲስ አበባ ሰው ይሆናል» አለ አባይነህ። ድምፁ ለራሱም ጎረበጠው።

«በሐረር ስም?»

ሙሜ ይህን ብሎ ሳይጨርስ የመንገዱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ። ከላይ፣ ከፈረስ መጋላ በኩል፣ ታደሰና ሰገነት ጎን ለጎን እየወረዱ ነበር። ታደሰ ቡናማውን ኮት ለብሷል። የደረቱ ኪስ በቀኝ ነው፤ ከኪሱ ውስጥ ነጭ መሐረብ ብቅ ብሏል። እትዬ ብዙነሽ ኪሱን አዩ፣ መጽሔቱን አዩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አባይነህ ከመርፌው ላይ ቀና አለ። አሁን ነው፤ አሁን ያዩታል። ሐረር ቆማ ታየዋለች።

ታደሰ ግን መጽሔቱን ሙሜ ጉልበት ላይ ሲያይ ፊቱ በራ። «እናንተም ይዛችሁታል? እኔ እኮ መጀመሪያ ሳነበው አፍሬ ይህን ኮት ሣጥን ውስጥ ደብቄው ነበር። እንዲህ ዓይነት ኪስ ያለው ሐረር ውስጥ እኔ ብቻ ነኛ! ያ ጸሐፊ የሆነ ቦታ አይቶኛል፤ የከረጢቱን ነገር ግን ከራሱ ነው የጨመረው። ሰገነት ናት ካልለበስከው አብሬህ አልወጣም ያለችኝ።»

«ምነው ልጄ?» አሏት እትዬ ብዙነሽ።

ሰገነት መሬት መሬት እያየች መለሰች። «ያን ቀን ሆን ብዬ ነው የቀረሁት፣ እትዬ። ልተወው ወስኜ ነበር። እንደዚያ መጠበቁን ግን አላወቅኩም። ሳነበው…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከዚያ በኋላ እንቢ ማለት አቃተኝ።»

«ለጥር ሙሽሮች ነን!» አለ ታደሰ።

እልልታው ከእትዬ ብዙነሽ ተነስቶ መንገዱን ይዞ ወረደ። ሐጂ ዩሱፍ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! ሽማግሌስ ተላከ?» እያሉ ከሱቃቸው ወጡ። «ተልኳል፣ ሐጂ!» አለ ታደሰ። አባይነህ እጁን መኪናው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ከስምንት ወር የሳለውን ቢላ በራሱ እጅ ለጠላቱ ቀለበት አድርጎ ሰጥቶታል።

ታደሰ ኮቱን አውልቆ መኪናው ላይ አኖረለት። «አዲስ ላሰፋ ብላት በዚሁ ነው የምታገባኝ አለች። ኮሌታው ብቻ እዚህ ጫፉ ላይ ተተርትሯል፤ አርጅቶ ነው መሰለኝ። ጥቀምልኝ እስኪ… ስምህን ማን ነበር ያልከኝ?»

«አባይነህ።»

«አዎ፣ አባይነህ። በነገራችን ላይ፣» ወደ ሙሜ ዞረ፣ «ያን ድርሰት የጻፈው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። አጻጻፉ ያስታውቃል። የመጠበቁን ክፍል ለተማሪዎቼ በቃላቸው እንዲይዙት ሰጥቻቸዋለሁ።»

አባይነህ ኮሌታውን ገልጦ አየ። ክሩ አላረጀም። ስፌቱ በምላጭ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በትዕግሥት ተፈትቷል። ከውስጡ አንዲት ቁራጭ ተቆርጣ ወጥታለች።

ቀና ሲል ሰገነት እያየችው ነበር። ታደሰ ከሐጂ ዩሱፍ ጋር ስለ ሠርጉ ሲያወራ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጣት የምታህል ነገር አወጣች፣ ኮቱ አጠገብ መኪናው ላይ አኖረቻት። ነጭ ቁራጭ ከረጢት ናት፤ በላይዋ ሁለት ሰማያዊ ፊደሎች።

«አባይነህ» አለችው። ስሙን ስትጠራ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አንተስ ማን የጻፈው ይመስልሃል?»

መልሱ አፉ ውስጥ ነው። እኔ ነኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት። እሱን ቢል ታደሰ የአርባ ሰው ሳቅ ይመለስበታል፤ ለተማሪዎቹ ያስያዘው ቃል ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እሱን ቢል ሙሜ አጠገቡ ነው፤ ደንበኛውን ያወጣ ሰፊ ሆኖ ከነገ ጀምሮ ቁልፍ የሚያስተክለው የለም። እሱን ቢል ደግሞ መጠበቁ የእሱ እንደነበር፣ ማንን ይጠብቅ እንደነበር ሰገነት ታውቃለች።

ከዓይኗ ግን አንድ ነገር አነበበ። ይህን ሁሉ አውቃለች። አውቃም ቢሆን እጮኛዋ ታደሰ ነው።

ተነሣ። መቀሱን መሳቢያው ውስጥ ከተተ፤ የመኪናውን መሸፈኛ ጨርቅ አነሳና ኮቱ ላይ ሳያለብሰው መልሶ አጠፈው። ቁራጯን ሊያነሳት እጁን ዘረጋ። ጫፏን ነካት፤ ፊደሎቿ ወደ ላይ እንደሆኑ፣ ከተከፈተው ኮሌታ አጠገብ ተዋት። ትታይ። ካልታየች ደግሞ ሰገነት ታንሳት፤ ዕድሜ ልኳን ትደብቃት።

«ወዴት ነው?» አለ ታደሰ ከኋላው። «ኮሌታውስ?»

አባይነህ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርደውን መንገድ ይዞ፣ ዞር ሳይል ሄደ።